መስከረም ላይ ስሜን ተራሮች ልትወጡ ነው? መብረቁንም አስቡበት

አደይ አበባው ፈንድቷል፣ ሁሉም ሰው ሀይኪንግ ሀይኪንግ ማለት ጀምሯል። ስለ ጫማና ጃኬት የሚመክር ሞልቷል፣ ስለ መብረቅ ግን ማንም አያነሳም፣ ክረምቱ ደሞ ገና ጠቅልሎ አልወጣም።

ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ያታልላችኋል፣ ከዛ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣና ደመና ይሆናል፣ ከሰዓት ላይ ማጉረምረም ይጀምራል። ስለዚህ እሜት ጎጎም ሆነ ቧሂት የሚወጣ ሰው (ቧሂት ከ4400 ሜትር በላይ ነው እንግዲህ) ማለዳ 12 ሰዓት መንገድ ጀምሮ 6 ሰዓት ሳይሞላ ከጫፉ ቢወርድ ነው የሚሻለው። «ቁርስ ተረጋግተን እንብላ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ እሱን ላንጋኖ ውሰዱት።

ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ። ድምፁ አንድ ኪሎ ሜትር ለመምጣት 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ 30 ሳትደርሱ ከተሰማ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ዝናቡን ሳትጠብቁ ውረዱ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ታገሱ።

ጊጭ ላይ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ከጅብራው (ረጅሙ የደጋ ተክል) ሌላ ቀና ያለ ነገር የለም፣ እዛ ቆማችሁ ከሆነ የምትፎካከሩት ከጅብራው ጋር ነው። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ግን ይብሳል፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪኩ ዛፉን መትቶ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ዛፍ ሥር የተጠለሉ ከብቶች ባንዴ የሚያልቁት በሱ ነው። የድንጋይ ጥግም፣ ድንኳንም፣ ጎጆም አያድንም፣ በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ግን ያድናል። እሱ ከሌለ ከሸንተረሩ ወርዳችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ያዙ፣ ተቃቅፋችሁ አትቁሙ፣ ተራራቁ።

ሞባይል መብረቅ ይጠራል የሚባለው ወሬ ነው። የስካውቱ (አብሯችሁ የሚሄደው የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ክላሽም አይጠራም፣ ሽቅብ ካልቀሰረው በቀር።

የተመታ ሰው ካለ ለመንካት አትፍሩ፣ ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ብዙ ሰው ከተመታ የሚጮኸው እየተነፈሰ ነው፣ ቅድሚያ ዝም ላለው፣ ትንፋሽ ከሌለው ወዲያው ደረቱን መጫን ጀምሩና አታቋርጡ። ሌላው ሰው በዛው መኪና ይፈልግ፣ ደባርቅ ከተማ ቅርብ አይደለም።