በርሚንግሃም፦ የአሮጌ ቲኬትና የሸክላ ፍለጋ

ከለንደን ዩስተን እስከ በርሚንግሃም ኒው ስትሪት ርካሹ ባቡር ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ መንገዱ ላይ የሚነገር ነገር አላየሁም። ፍለጋዬ የስልሳዎቹ የብሉዝ ክበቦችና የሄቪ ሜታል ጀማሪው የበርሚንግሃም ባንድ የብላክ ሳባዝ ጅማሬ የተዉት ወረቀትና የሙዚቃ ሸክላ ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘ ክራውን የሚባለው መጠጥ ቤት ከጣቢያው ወጣ እንዳሉ ስቴሽን ስትሪት ላይ ነው። በ1968 ጂም ሲምፕሰን ፎቁ ላይ ሄንሪስ ብሉዝሃውስ የተባለውን ክበብ ከፈተ፤ የብላክ ሳባዝ አባላት፣ አራቱ የአስተን ሰፈር ልጆች፣ ገና ኧርዝ እየተባሉ ብሉዝ የተጫወቱበት ቤት ነው። መጠጥ ቤቱ በ2014 ተዘግቷል፤ እኔም በር አይቼ ተመለስኩ። ኤርዲንግተን የሚባለው ሰፈር በከተማው ባቡር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። መዘርስ የሚባለው ክበብ ከቤት ዕቃ መደብር በላይ ነበር፤ ከ1968 እስከ 1971 ብቻ ቆየ። የሮክ ባንዱ ፒንክ ፍሎይድ የኡማጉማ አልበሙን የመድረክ ቅጂ ከፊሉን በ1969 የቀዳው እዚያ ነው። ሰማያዊዋ የመታሰቢያ ሰሌዳ ባትኖር አልፌው ነበር።

ማደሪያዬ ብሮድ ስትሪት አጠገብ ነበር፤ ከታች ያለው ጭፈራ ቤት ቤዝ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልጋውን ሲያንቀጠቅጠው አደረ። የሄቪ ሜታል አገር ድረስ ሄዶ ስለ ጩኸት ማማረር አያምርም፤ ግን ያ ጩኸት ሜታል አልነበረም።

በማግስቱ የሸክላ ገበያ ሄድኩ። አንዱ ሻጭ «የ1969» ያለውን የክበብ መግቢያ ቲኬት 80 ፓውንድ አለኝ። ዋጋው ላይ 40 ቁጥርና የፒ ፊደል ታትሞበታል። እንግሊዝ ወደ አዲሱ ገንዘብ (ፓውንዱ 100 ፔንስ፣ የፔንሱ ምልክት ፒ) የዞረችው የካቲት 1971 ነው፤ ከዚያ በፊት ፓውንዱ 20 ሽልንግ፣ ሽልንጉ 12 ፔንስ ነበር፤ የድሮው ፔንስም የሚጻፈው በዲ ነው። የዘመኑ ቲኬት 7/6 ቢል ሰባት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ ማለት ነው። (የእኛ ሽልንግ ሃምሳ ሳንቲም መሆኑን ረስቼ መጀመሪያ ሂሳቡ ተምታቶብኝ ነበር።) ይህን ስለው ቲኬቱን ዝም ብሎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። መርካቶ ቢሆን ቢያንስ ይምልልኝ ነበር።

አጠገቡ ያሉ አንድ ሽማግሌ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽራቸውን አዋሱኝ። የቤት ፕሪንተር ቀለም በመነጽሩ ሲታይ እዚህም እዚያም የተረጨ ነጠብጣብ ነው፤ የማተሚያ ቤት (ኦፍሴት) ሕትመት ፎቶ ነጥቦች ግን በሥርዓት ይደረደራሉ። ብዙ ሰው የሚመካበት የአልትራቫዮሌት መብራት እዚህ ላይ አይፈርድም፤ ወረቀት የሚያነጡ ኬሚካሎች በስልሳዎቹም ስለነበሩ እውነተኛውም ሊፈካ ይችላል።

ለብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም (የካቲት 13 ቀን 1970) ማየት ያለባችሁ የሸክላውን መሃል ነው። አሳታሚው ኩባንያ ቨርቲጎ ያወጣው የመጀመሪያ እትም ቁጥሩ ቪኦ 6 ነው፤ በአንደኛው ገጽ የመሃሉ ወረቀት ጥቁርና ነጭ ጠመዝማዛ ነው፣ ጽሑፉ በሌላው ገጽ ይገኛል። በ1973 ጠመዝማዛው ቀርቶ የጠፈር መርከብ ሥዕል ገባ። ስለዚህ ሽፋኑ ምንም ያህል ቢያረጅ ሸክላውን አውጥታችሁ እዩ፤ አሮጌ ሽፋን ውስጥ የኋላ እትም መክተት የተለመደ ነው። ከዚያ ብርሃን ስር አዘንብሉት። ጥፍር የሚይዘው ጭረት መርፌውንም ይይዘዋል፤ በ33 ዙር ፍጥነት በየ1.8 ሰከንዱ ጠቅ ይላል።

ሽማግሌው ለእኔ የሸጡልኝ የኋላውን እትም ነው፣ በ25 ፓውንድ፤ የጠመዝማዛው ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱም ይልቅ ማየት የምመኘው የብላክ ሳባዝ ጊታር ተጫዋች የቶኒ አዮሚን የመጀመሪያዎቹን የጣት ቆቦች ነው። በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ሲቆርጥበት የሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ቆብ ሠራ፣ ላዩን ቆዳ ለበጠበት፤ ጊታሩ ላይ ቀጭን ክር ገጠመ፣ በኋላም ክሮቹን አላልቶ ቃኘ።

ስትመለሱ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥታችሁ በውስጥ ከረጢቱ ብቻ ከሽፋኑ ጀርባ አስቀምጡት፤ አለበለዚያ ሲንገጫገጭ የሽፋኑን ስፌት ይቀደዋል። የእኔ የተቀደደው ኮቨንትሪ ሳንደርስ ነው።