ጋራውን ማን አሳነሰው?

ያቺ ፎቶ እስከ ዛሬ ላፕቶፔ ውስጥ አለች። አላጠፋኋትም። የፋይሏ ስም «የመጨረሻው እውነተኛው የመጨረሻ» ይላል። ቢሮ የሠራ ሰው ይገባዋል።

የምሠራው ድሬዳዋ ነው፣ ከዚራ አካባቢ፣ አንዲት ትንሽ አማካሪ ቢሮ ውስጥ። ገና ያልተሠራን ሕንፃ ወይም ድልድይ ተሠርቶ ያለቀ አስመስዬ በኮምፒውተር አሳያለሁ። መሐንዲሶቹ ያሰላሉ፣ እኔ አሳምራለሁ። ደንበኛ ስሌት አያነብም፣ ሥዕል ነው የሚያየው። ስለዚህ ሰማዩን ትንሽ ሰማያዊ፣ ሣሩን ትንሽ አረንጓዴ ማድረግ ለምዶብኛል።

አንድ ቀን አለቃዬ፣ ኢንጂነሩ ልበለውና፣ ሥራ ይዞ መጣ። ከሐረር ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጋራ ላይ ሦስት የነፋስ ተርባይን ለመትከል ጥናት እየተደረገ ነው። የጋራውንም የባለጉዳዩንም ስም አልጠራም፣ ይለፈኝ። የእኛ ድርሻ ትንሽ ናት። ተርባይኖቹ ቢተከሉ ምን እንደሚመስሉ ፎቶ ላይ ሠርተን ለነዋሪው ስብሰባ ማቅረብ ብቻ። «የሦስት ቀን ሥራ ነው አቦ» አለኝ።

ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ሁሌም ደስ ይለኛል። ከታች ሸሚዝ የሚያጣብቀውን ሙቀት ትተህ ትነሳለህ፣ ጠመዝማዛውን ጨርሰህ ስትወጣ መስኮት መዝጋት ያምርሃል። እዚያ ስደርስ ስሜቴ ጥሩ ነበር። አስፋልቱ ዳር ቆምን። ጋራው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኢንጂነሩ መንገድ ላይ የገዛውን ጊሽጣ እየበላ አጠገቤ ቆሟል። ካሜራ አልያዝኩም፣ ስልኬ ይበቃል ብዬ። ስልኬ ደግሞ ያቺ 0.5 የምትባል ነገር አለችው። ስትነካት ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ይሸሽና ጋራው፣ ማሳው፣ ሰማዩ፣ የመንገዱ ዳር በርበሬ ዛፍ ሳይቀር አንድ ላይ ይገባል። ነካኋት። አለቀ።

ቢሮ ገብቼ ተርባይኖቹን አስቀመጥኩ። ምሰሶው 80 ሜትር፣ ክንፉ 40 ሜትር፣ ክንፉ ሽቅብ ሲቆም ጠቅላላ 120 ሜትር። 40 ፎቅ ሕንፃ በሉት። እዚህ ላይ አልዋሸሁም። የጋራውን ቁመት ከካርታ አውጥቼ፣ ከእሱ ጋር አመጣጥኜ ነው የሠራሁት። ትልቁ ወረቀት ላይ፣ ኤ ስሪው ላይ ሲታተም ግን እያንዳንዱ ተርባይን 9 ሚሊ ሜትር ሆነ። የክብሪት እንጨት ሩብ እንኳ አይሞላም። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዞ አየና «በጣም ቆንጆ! ማንም አያያቸውም እኮ!» አለ።

እንግዲህ ያኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ። አስፋልቱ ዳር ስቆም ጋራው እንዲህ አልነበረም፣ ፊቴ ላይ ተደቅኖ ነበር። የሆነ ነገር ቅር ብሎኛል። ግን ሐሙስ ስብሰባ አለ፣ አለቃዬ ደስ ብሎታል፣ እኔም ምስጋና አልጠላም። ዝም አልኩ።

ስብሰባው አስፋልቱ አጠገብ ባለች የቀበሌ አዳራሽ ነበር። በሐረር ወግ አንዱ በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ይጨርሳል፣ መሀል ላይ የሐረሪዎቹ አደሪኛም ጣል ይደረጋል። ሆጃ፣ ያ ትኩስ የሐረር መጠጥ፣ ዞረ። ኢንጂነሩ ስለ ሜጋዋት አወራ። የአሸጎዳን የነፋስ ኃይል ማመንጫ አነሳ፣ በ2006 ዓ.ም የተመረቀውን፣ 84 ተርባይንና 120 ሜጋዋት። አዳማን አነሳ። በእኛ በኩል ወደ ጅቡቲ መንገድ ያለውን አይሻንም ጠቀሰ። ሰው በትሕትና አዳመጠ። ከኋላ አንድ ወጣት «ቬንትሌተሩን ወደ ድሬ አዙሩትና እነሱን ያቀዝቅዝልን» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስሙ ቬንትሌተር ሆነ፣ ተርባይን ያለ ሰው አልነበረም።

ፎቶው ተዘረጋ። መጀመሪያ ምንም ችግር አልነበረም። «ይሄማ ምን አላት» ያለም ነበር። ክርክር የተነሳው መብራቱ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ሽቦው በላያችን አልፎ ሌላ አገር የሚያበራ ከሆነ እኛ ምን አገባን አሉ። ያ ቀልደኛ ወጣት ደግሞ ብድግ አለና «ጋራ አይበላም! ስልኬን ቻርጅ ለማድረግ ከተማ ድረስ መሄድ ሰልችቶኛል!» አለ። እውነቱን ነው። እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ።

ከዚያ አንድ እናት ተነሱ። ወተት ሻጭ ናቸው፣ ማለዳ ማለዳ አስፋልቱ ዳር መኪና የሚጠብቁ።

«ልጄ፣ ይሄን ከየት ቆመህ ነው ያነሳኸው?»

«ከአስፋልቱ ዳር ነው እናቴ።»

«አስፋልት ላይ የሚኖር ማን ነው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ጠረጴዛው መጥተው ወረቀቱን አነሱትና ቀረብ አድርገው፣ ራቅ አድርገው አዩት።

«እሺ፣ አስፋልት ይሁን። እኔም እዚያ ነው የምቆመው። ጋራውን ማን አሳነሰው?»

ልብ በሉ፣ ስለ ተርባይኑ አይደለም ያሉት። ተርባይን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ጋራውን ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በየማለዳው አይተውታል። እኔ ያን የመሰለ ነገር ማንም አያስተውልም ብዬ ስለ ተርባይኑ ጥያቄ ብቻ ነበር የተዘጋጀሁት።

«ማንም አላሳነሰውም እናቴ፣ ፎቶ ስለሆነ ነው» አልኩ። ይሄን ስል ድምፄ ራሴንም አላሳመነኝም።

«ና ውጣ» አሉኝ። ወጣን። ሰውም ተከትሎን ወጣ። በሩ ላይ ቆመው ክንዳቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ከጋራው ጎን ያዙት። በሌላው እጃቸው መለካት ጀመሩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ጋራ አንድ ጣት ተጋደመችበትና ሸፈነችው። እውነተኛውን ለመሸፈን አራት ጣት አስፈለገ። ሁለቴ ለኩት። ከዚያ ወረቀቱን ለእኔ መልሰው ሰጡኝ። ምንም አላሉም። ሌላው ሰው ግን አለ! ያ የመብራት ወጣት ራሱ «ስለዚህ ቬንትሌተሮቹንም በአራት አብዙ ማለት ነው?» ብሎ ጮኸ። አዎ፣ ማለት ነው። «አታለሉን» የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ በዓይን ይታይ ነበር። ስብሰባው በዚያው ተበተነ፣ ሆጃውም ተርፎ ቀረ።

ስንመለስ ኢንጂነሩ ደንገጎ እስክንደርስ አልተነፈሰም። ቁልቁለቱ ሲጀምር «በስልክ? በስልክ አነሳኸው?» አለኝ። አጠገቤ ቆሞ ጊሽጣ የበላው ሰውዬ!

ያን ምሽት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ነገሩ ቀላል ነው፣ አለማወቄ ነው ያሳፈረኝ። ያቺ 0.5 ሰፊ ሌንስ ናት። ሰፊ ሌንስ ብዙ ነገር ለማስገባት ሲል ሁሉንም ያሳንሳል። ቅርብ ያለው ከሩቁ አንጻር ያብጣል፣ ሩቅ ያለው ይሟሽሻል። ሰርግ ላይ ዳር የቆመ ዘመድ ፊቱ የሚለጠጠው በዚሁ ነው። ስኮትላንዶች የነፋስ ተርባይን በፎቶ እንዴት እንደሚቀርብ የሚደነግግ መመሪያ አላቸው። በፉል ፍሬም ካሜራ (የምስል መቀበያው ሰፊ በሆነው)፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንሳ፣ በትልቁ አትም፣ ሰውየው ወረቀቱን ምን ያህል አርቆ መያዝ እንዳለበትም ንገረው ይላል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በ50 ሌንስ ቢነሳ ኖሮ ያች 9 ሚሊ ሜትር ተርባይን እዚያው ወረቀት ላይ 35 ሚሊ ሜትር ትሆን ነበር። በተዘረጋ ክንድ ስትይዘው ደግሞ በዓይንህ ከምታየው ጋር እኩል ይመጣል። ወተት ሻጯ ያለ ስሌት ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

እስከዚያች ቀን የዕይታ ጭቅጭቅ የጠገበ ሰው ጭቅጭቅ ይመስለኝ ነበር። የጠገቡትም ተጨቃጭቀዋል በእርግጥ። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኬፕ ኮድ ፊት ለፊት ባሕር ላይ 130 ተርባይን ሊተከል እ.ኤ.አ. በ2001 ታቅዶ፣ እነ ኬኔዲ ሳይቀሩ ተቃውመውት፣ 16 ዓመት ተጓትቶ በ2017 ቀረ። ርቀቱን ከቁመቱ ጋር አሰላሁት፤ ከዳርቻው ሲታይ አንዱ ተርባይን በተዘረጋ ክንድ የትንሿን ጣት ውፍረት ብታክል ነው። ዶናልድ ትራምፕም ስኮትላንድ ውስጥ ከጎልፍ ሜዳዬ ፊት 11 ተርባይን አይቆምም ብሎ እስከ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ተረቷል። ግን ሩቅ ምን አስኬደኝ። ሐረር ራሷ ጀጎል በ1998 ዓ.ም ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ግንቡ አጠገብ ከፍ ያለ ነገር ሊሠራ ነው ሲባል ጆሮ ታቆማለች። የእኔ ስህተት እይታ የባለጎልፉና የቱሪስቱ ብቻ ነው ብዬ ማሰቤ ነበር።

በማግስቱ ለኢንጂነሩ እንደገና ልሥራው አልኩት። «እውነተኛውን ካሳየናቸውማ አለቀልን» አለ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እኔ እዚያ አዳራሽ በዚያ ፎቶ አልመለስም፣ ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። ሌላ ሰው የለውም፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ድሬ ውስጥ ሙሽራ የሚያነሳ ጓደኛዬ ካሜራውን ከነሌንሱና ከነማቆሚያው አዋሰኝ፤ ቅዳሜ ሰርግ ስላለው ዓርብ ማታ እንድመልስ አስምሎኝ።

አሁን ቦታውን እኔ አልመረጥኩም። ወተት ሻጯን ጨምሮ አምስት ሰው ይዤ ዞርኩ። ወተት የሚጠበቅበት ቦታ፣ የትምህርት ቤቱ በር፣ የመስጊዱ ግቢ፣ ምንጩ፣ በመጨረሻም የእሳቸው ደጃፍ። ደጃፋቸው ላይ ካሜራውን ስተክል ከጋራው ጫፍ 800 ሜትር ብቻ እንደሆነ ጂፒኤሱ ነገረኝ። ከዚያ 120 ሜትር የሚረዝም ነገር ጣት አይደለም የሚያክለው። ክንድህን ዘርግተህ ቡጢህን ጨብጥ። ይሄን ያህላል። እሳቸው ማጀት ገብተው ወተት ሲያወጡልኝ ጨብጬ ደጋግሜ አየሁት፣ የጎረቤት ልጅ እየሳቀብኝ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ፎቶዎቹን አከፋፈልኩና «ክንዳችሁን ዘርጋችሁ ያዙት» አልኩ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ወረቀት እንደ መስታወት ፊቱ ዘርግቶ ሲቆም ያስቅ ነበር፣ ግን የሳቀ የለም። ያ ወጣት «ኧረ ይሄስ ግዙፍ ነው» አለ ቀስ ብሎ። የቡጢዋን ፎቶ ያየ ሁሉ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ኢንጂነሩ ግንባሩን ይጠርጋል።

ወተት ሻጯ ጣታቸውን አጋደሙ። አራት። «አሁን ጋራችን መጣ» አሉ።

እንደፈራነው ሁሉም አልተቃወመም። አንዳንዱ ጭራሽ አልፈልግም አለ፣ ፎቶውን ካየ በኋላ ባሰበት። ብዙው ግን ወደ ፍሬ ነገሩ ገባ። ሦስተኛው ቬንትሌተር ከአውሊያው መቃብር ጀርባ ልክ ይቆማል፣ እሱን ወደ ወዲያ ግፉት አሉ። ክንፉ ማታ ይጮሃል ወይ? ከብት ሥሩ ይግጣል ወይ? ሽማግሌው ስለ ሽቦው የጠየቁትን እንደገና ጠየቁ፣ አሁን ኢንጂነሩ በጽሑፍ ያዘው። እኔ የቬንትሌተሮቹን ረድፍ ላፕቶፑ ላይ እዚያው ገፋሁት፣ ሰው ትከሻዬ ላይ ተደራርቦ «ትንሽ ወደ ግራ፣ አይ፣ በዛ» እያለ። እንዲህ ያለ የሥራ ቀን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ሪፖርቱ ገባ፣ ፋይሉም ተኛ። እስካሁን ጋራው ላይ የቆመ ነገር የለም። ወተት ሻጯ ስንለያይ «ያለ ቬንትሌተሩ አንድ አትምልኝ» ብለውኝ ስለነበር የደጃፋቸውን ፎቶ ባዶውን አሳትሜ በሚኒባስ ሹፌር ላክሁላቸው። በምላሹ አንድ ሊትር ወተት ደንገጎን ወርዶ መጣልኝ። ድሬ ሲደርስ እርጎ ሆኗል።

ኢንጂነሩ ደግሞ ባለፈው ሳምንት አዲስ ደንበኛ ሲያስተናግድ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ሰውየው ፎቶ በስልኬ ልላክላችሁ ቢለው «እኛ ቢሮ በስልክ አንሠራም፣ ሃምሳ ሌንስ ነው የምንጠቀመው፣ ደንባችን ነው» አለው፣ ኮስተር ብሎ፣ ጊሽጣውን እየፈለቀቀ።