ጀርባውን ለግብ የሰጠ አጥቂ

ደሴ ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ለዓመታት ከአርሰናል ደጋፊዎች ጋር ተቀምጦ የተመለከተ ሰው፣ የቀድሞው የአርሰናል ፈረንሳዊ አጥቂ የኦሊቪዬ ዢሩ ስም በተነሳ ቁጥር ክርክር እንደማይቀር ያውቃል። ፒያሳ አካባቢ ባሉት ኳስ ማሳያ ቤቶች አንዱ ወገን «ፍጥነት የለው፣ አጨራረስ የለው» እያለ የሊጉ ዋንጫ የራቀው በእርሱ ምክንያት እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላው ወገን ያስቆጠራቸውን ግቦች እየደረደረ ይሟገትለታል። እኔ ዢሩን ከልባቸው ከሚወዱት ወገን ነኝ። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በግብ ብዛት ብቻ በመሆኑ የሰውየውን ዋና ሙያ ሳያዩት ያልፋሉ ብዬ አምናለሁ። ዢሩ ትልቁ ሥራው ሌሎች ግብ እንዲያገቡ ማድረግ የሆነ አጥቂ ነው፤ ይህንንም የተማረው ወደ ላይ የወጣበት መንገድ ረጅምና አድካሚ ስለነበር ይመስለኛል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዢሩ በ1986 በአልፕስ ተራሮች ሥር በምትገኘው በሻምቤሪ ከተማ ተወልዶ፣ ግረኖብል አቅራቢያ ባለችው ፍሮዥ በተባለች አነስተኛ መንደር አደገ። በአሥራዎቹ መጀመሪያ የግረኖብልን ክለብ ተቀላቀለ፤ ነገር ግን በዋናው ቡድን ቦታ ሊያገኝ ባለመቻሉ በ2007/08 የውድድር ዘመን በውሰት ወደ ኢስትር፣ ማለትም ወደ ፈረንሳይ ሦስተኛው ሊግ ተላከ። በዚያው የውድድር ዘመን ከእርሱ በአንድ ዓመት የሚያንሰው ካሪም ቤንዜማ ለሊዮን 20 ግብ አስቆጥሮ የአንደኛው ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ነበር። ሁለቱ በአንድ የአገሪቱ ክፍል ያደጉ፣ በዕድሜም የሚቀራረቡ አጥቂዎች ናቸው፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ግን ሁለት ሊግ ሙሉ ነበር። ዢሩ ከኢስትር ሲመለስ ግረኖብል ወደ አንደኛው ሊግ አድጎ ስለነበር፣ አሰልጣኙ ለዚያ ደረጃ እንደማይበቃ ነግረው አሰናበቱት።

ብዙ ወጣት እንዲህ ሲባል ኳስ ያቆማል። እርሱ ግን በሁለተኛው ሊግ ወደሚጫወተው ቱር ሄደ፤ በ2009/10 በ21 ግብ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ከሆነ በኋላም ሞንፔልዬ ወሰደው። በ2011/12 ደግሞ የኳታር ባለሀብቶች በገዙት ፓሪ ሳን ዠርመ ላይ ገንዘብ እንደ ጉድ በሚፈስበት ዓመት፣ በሬኔ ዢራር የሚሰለጥነው ሞንፔልዬ በ82 ነጥብ፣ ፓሪስን በሦስት ነጥብ በልጦ፣ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሳ። ዢሩ ከፓሪሱ ኔኔ ጋር እኩል 21 ግብ ቢያስቆጥርም ከፍጹም ቅጣት ምት ውጭ ያገባው ስለሚበልጥ የኮከብ ግብ አግቢነቱ ክብር ለእርሱ ተሰጠ። ለብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገውም በኅዳር 2011፣ 25 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

በ2012 ክረምት አርሰናል ሲያስፈርመው የገጠመው ፈተና ቀላል አልነበረም፤ በዚያው ክረምት ሮቢን ቫን ፐርሲ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጦ ስለነበር፣ ደጋፊው ከአዲሱ ሰው የጠበቀው የቫን ፐርሲን ግብ ነው። በሊጉ ያስቆጠረው በተከታታይ ዓመታት 11፣ 16፣ 14፣ 16 እና 12 ነው። ቁጥሩ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን አንድም ጊዜ 20 አልደረሰም። የተቺዎቹ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ እንዳልሆነም መቀበል አለብኝ፤ በየካቲት 2015 በሜዳቸው በሞናኮ 3 ለ 1 በተሸነፉበት የቻምፒየንስ ሊግ ምሽት በርካታ ያለቀላቸው ዕድሎችን አምክኗል፤ ሌስተር ሲቲ ዋንጫውን በወሰደበት በ2015/16 ደግሞ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ በሊጉ ግብ ሳያገባ ወራት ካለፉ በኋላ በመጨረሻው ዕለት አስቶን ቪላ ላይ ሦስት አገባ። ዋንጫው ቅርብ በነበረበት ዓመት ያ ድርቅ ያማል፤ ደሴ ላይ ያሉ ጓደኞቼ እስካሁን ይቅር ያላሉትም ለዚህ ነው።

ሆኖም በጥቅምት 2013 ኖርዊች ላይ ጃክ ዊልሼር ያስቆጠረውን ግብ ደግሞ እናስታውስ። ካዞርላ፣ ዊልሼርና ዢሩ በተጨናነቀ ቦታ በአንድ ንክኪ እየተቀባበሉ የተከላካዩን መስመር ሲሰብሩት፣ የመጨረሻዋን ንክኪ የነካው ዢሩ ነው፤ ጀርባው ለግቡ እንደሆነ፣ ኳሷን ሳያቆም ዊልሼር ወደሚሮጥበት ቦታ ለስለስ አድርጎ አሻገራት። በ2014 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ አርሰናል ሀል ሲቲን በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፎ የዘጠኝ ዓመት የዋንጫ ጥማቱን ሲያረካ፣ ለአሮን ራምሲ ኳሷን በተረከዙ ያመቻቸለት ማን ነበር? በ2017ቱ ፍጻሜ ቼልሲ ላይ ተቀይሮ እንደገባ ወዲያውኑ ለራምሲ የማሸነፊያዋን ግብ ኳስ ያሻገረውስ? በጥር 1 ቀን 2017 ክሪስታል ፓላስ ላይ በተረከዙ ከኋላው አንስቶ አግዳሚውን አስነክቶ ያስገባትን፣ የዓመቱ ምርጥ ግብ የሚሸለምበትን የፑሽካሽ ሽልማት ያስገኘችለትን ግብ ሁሉም ያስታውሳታል፤ ያንን መልሶ ማጥቃት መሃል ሜዳ አካባቢ በተረከዝ ቅብብል ካስጀመሩት አንዱ ራሱ ዢሩ እንደነበር ግን ጥቂት ሰው ነው ልብ ያለው። በአጠቃላይ ለአርሰናል 253 ጨዋታ ተጫውቶ 105 ግብ አስቆጥሯል፤ ሦስት የኤፍኤ ካፕ ዋንጫም አንስቷል።

ይህ ሙያ ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ኳሷ ከመምጣቷ በፊት ዢሩ አንገቱን ዞር አድርጎ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል፤ ከዚያ ጉልበቱን አጠፍ፣ ክንዱን ዘርጋ አድርጎ ተከላካዩን በጀርባው ይይዘዋል፤ ኳሷን በደረቱ ወይም በግራ እግሩ አብርዶ በአንድ ንክኪ ለሚመጣው አማካይ ይተውለታል። ተከላካዩ ለመንጠቅ ከቦታው ስለወጣ፣ እርሱ የለቀቀው ክፍተት ለሌላ ሰው የሩጫ መንገድ ይሆናል። በቴሌቪዥን ስናይ ዓይናችን ኳሷን ተከትሎ ስለሚሄድ ይህን የሠራውን ሰው እንረሳዋለን።

ከደሴ ብርድ በሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ አልፎ አልፎ የታዳጊዎች ልምምድ ላይ እገኛለሁ። አንድ ጊዜ ቁመተ ረጅም የሆነ አጥቂ ልጅ፣ አሰልጣኙ በተደጋጋሚ ጀርባህን ሰጥተህ ተቀበል ሲለው ቅር ብሎት ነበር። «ኮች፣ እኔ ኳስ እየሰጠሁ ሌላው ካገባ እኔን ማን ያየኛል?» አለው። አሰልጣኙ ትከሻውን ቸብ አድርጎ «አብሽር፣ ኳስ የሚያውቅ ሰው ያይሃል» ሲል መለሰለት። መልሱ ደግ ነው፤ የልጁ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። በእኛ አገር ታዳጊ አጥቂ የሚመረጠው ስንት አገባ ተብሎ ነው፤ ከደሴ ከተማም ሆነ ከወሎ ኮምቦልቻ ትልቅ ደረጃ ለመድረስ የሚመኝ ልጅ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የዢሩን ታሪክ ለእንደዚህ ያሉ ልጆች ማሳየት ደስ የሚለኝም ይህ ጥያቄ በዓለም ዋንጫ መድረክ ላይ በእርሱ ሕይወት ስለተመለሰ ነው።

በ2018 ሩሲያ ላይ ፈረንሳይ ዋንጫውን ስታነሳ ዢሩ በሰባቱም ጨዋታዎች ተሰልፏል፤ በውድድሩ በሙሉ ግን ግብ ማስቆጠር ይቅርና ኢላማውን የጠበቀ አንድ ሙከራ እንኳ አላደረገም። በ1998ም የፈረንሳይ አጥቂ ስቴፋን ጊቫርሽ ግብ ሳያገባ ዋንጫ ስላነሳ፣ ብዙዎች ሁለቱን እያነጻጸሩ ተሳለቁ። ነገር ግን አሰልጣኙ ዲዲዬ ዴሻምፕ በመክፈቻው የአውስትራሊያ ጨዋታ ዢሩን ተጠባባቂ አድርጎ፣ ግሪዝማንን፣ ምባፔንና ዴምቤሌን ከፊት ሲያሰልፍ ቡድኑ ተቸግሮ ነበር። ዢሩ ተቀይሮ ከገባ በኋላ ከፖግባ ጋር በተቀባበላት ኳስ የማሸነፊያዋ ግብ ተገኘች፤ ከዚያ ጨዋታ በኋላም ቦታውን አላጣም። አርጀንቲናን 4 ለ 3 ሲያሸንፉ ምባፔ ላገባት ለአራተኛዋ ግብ ኳሷን ያቀበለው እርሱ ነው። የጎጆ ምሰሶ ዝናብ የሚከላከለው ራሱ አይደለም፤ ክዳኑ ግን ያለ እርሱ አይቆምም። ፈረንሳይም በዚያ ክረምት እንዲሁ ነበረች።

ከቤንዜማ ጋር የሚነሳው ንጽጽር ዢሩን አሥር ዓመት ያህል ተከትሎታል። ቤንዜማ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ከብሔራዊ ቡድኑ ርቆ በቆየበት ጊዜ፣ በ2020 ራሱን በፎርሙላ ዋን መኪና፣ ዢሩን በመጫወቻ የካርቲንግ መኪና መስሎ ተናግሯል። ዢሩም ነገሩን አላጋጋለውም። ቤንዜማ በችሎታ የላቀ እንደሆነ እኔም አልክድም፤ የ2022ቱ የባሎን ዶር አሸናፊ ነው። ለፈረንሳይ መለያ ግን የበለጠ የሠራው ዢሩ ነው፤ ይህን የምለው ስሜት ገፋፍቶኝ ሳይሆን በአገር ማሊያ የተሠራውን ሁሉ አይቼ ነው።

ከአርሰናል ቀጥሎ ስለነበረው የቼልሲ ቆይታው ረጅም መናገር አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ ተጠባባቂ ቢሆንም በ2019 በ11 ግብ የዩሮፓ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ፣ ባኩ ላይ በፍጻሜው በቀድሞ ክለቡ በአርሰናል ላይ የመጀመሪያዋን ግብ በግንባሩ አስቆጥሯል፤ በታኅሣሥ 2020 ሲቪያ ላይ ብቻውን አራት አግብቷል፤ በ2021 የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አግኝቷል። ከዚያ የሄደበት የጣሊያኑ ሚላን ግን የተለየ ነው። ብዙ አጥቂ ያልቀናበትን ዘጠኝ ቁጥር በ34 ዓመቱ ለብሶ፣ በየካቲት 2022 የከተማው ተቀናቃኝ ኢንተር 1 ለ 0 ሲመራ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት አስቆጥሮ ደርቢውን ገለበጠው። ሁለተኛዋ ግብ ሙያው ሁሉ የተጠቃለለባት ናት፤ ኳሷን ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ተቀበለ፣ ስቴፋን ደ ፍራይን በአንድ ዙረት አለፈው፣ በግራው መታት። በመጨረሻው ሳምንትም ሳሱኦሎ ላይ ሁለት አግብቶ ሚላን ከ2011 በኋላ የመጀመሪያውን ስኩዴቶ፣ ማለትም የጣሊያን ሊግ ዋንጫ፣ አነሳ።

ቤንዜማ በጉዳት ከኳታሩ ዓለም ዋንጫ ሲቀር ቦታው እንደገና ለዢሩ ቀረ። አውስትራሊያ ላይ ሁለት አስቆጥሮ የብሔራዊ ቡድኑን የግብ ክብረ ወሰን ይዞ ከነበረው ከቴሪ ሄንሪ 51 ግብ ጋር እኩል ሆነ፤ በታኅሣሥ 4 ቀን 2022 ፖላንድ ላይ 52ኛዋን አክሎ በ36 ዓመቱ ብቻውን ከፊት ቆመ። እንግሊዝ ላይ በ78ኛው ደቂቃ የግሪዝማንን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ ፈረንሳይን ወደ ግማሽ ፍጻሜ አሳለፈ። በፍጻሜው ግን አርጀንቲና 2 ለ 0 እየመራች ዴሻምፕ በ41ኛው ደቂቃ አስወጣው። ችግሩ የነበረው ኳስ ወደ ፊት ሊያደርስ ባልቻለው መሃል ሜዳ ላይ ስለሆነ ቅያሪው ለዢሩ የማይገባ ነበር እላለሁ፤ ያም ሆኖ የገቡት ወጣቶች ፍጥነት ጨዋታውን እስከ ፍጹም ቅጣት ምት ስላደረሰው አሰልጣኙን ለመውቀስ አልደፍርም።

ከ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ሲሰናበት በ137 ጨዋታ 57 ግብ አስቆጥሮ ነበር፤ ከእርሱ በፊት ማንም ፈረንሳዊ ያልደረሰበት ቁጥር ነው። ከዚያም በአሜሪካ ለሎስ አንጀለስ ኤፍሲ ተጫውቶ፣ በ2025 ክረምት፣ 39 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የፈረንሳዩ ሊል አስፈረመው፤ በዚህም ግረኖብል አትበቃም ወዳለው አንደኛ ሊግ ከ13 ዓመት በኋላ ተመለሰ።