የዝግባ አፈር ለዝግባ

ሐምሌ ላይ ከሰበታ ወደ ሱባ የሚወጣው መንገድ ጭቃ ነው፤ መኪናችን ተይዛ የአካባቢው ወጣቶች ገፍተው አወጡልን። ወቅቱን ግን አስቤበት የመረጥኩት ነው። በክረምት አገሩ በሙሉ ችግኝ ይተክላል። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስንት ችግኝ እንደተተከለ በየዓመቱ እንሰማለን። ችግኙ የሚያርፍበት አፈር ውስጥ ምን እንደሚኖር የሚያነሳ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔም ወደ መናገሻ ሱባ የሄድኩት ከእነዚህ ጥቂቶች ጋር ለመዋል ነው።

ደኑ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ ዐፄ ምኒልክም በዘመናቸው አስጠብቀውታል። ስለ ጉሬዛውና ስለ ምኒልክ ድኩላው ብዙ ተብሏልና እዚያ ላይ አልቆይም። እኔን ያስደነቀኝ ጥዱ ነው። እንዲህ ያለ ግንድ አጠገብ ቆሞ ቀና የማይል ሰው ያለ አይመስለኝም።

አብራን የመጣችው ተመራማሪ ግን ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን የሠራችው በአገር በቀል ዛፎች ሥር ላይ ነው። ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ተንበርክካ የረገፈውን ቅጠል በእጇ ገለል አደረገች። ከጥቁሩ አፈር ውስጥ ቀጭን ሥር በቢላዋ ቆርጣ በኮዳ ውኃ አጠበችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሥሩ ዶቃ የተሰካበት ይመስላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቃቅን እብጠቶች ተሞልቷል።

«ባቄላ ሥር ላይ የሚታየው ዓይነት ባክቴሪያ እንዳይመስልዎት» አለችኝ። «እዚህ ውስጥ የሚኖረው ፈንገስ ነው።»

ሳይንሱ ይህን ኑሮ ማይኮራይዛ ይለዋል። ፈንገሱ ከፀጉር እጅግ በቀጠኑ ክሮቹ አፈሩን ያዳርሳል፤ የዛፉ ሥር ሊደርስበት በማይችል ቦታ ገብቶ ፎስፎረስ ያመጣል፣ ዛፉ ውኃ እንዲያገኝም ያግዛል። ዛፉ በበኩሉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። ስኮትላንድ ውስጥ ድንጋይ ሆነው በተገኙና 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ ዕፀዋት ውስጥ ሳይቀር የዚህ አብሮነት ምልክት ታይቷል።

ጥበቃውን ከባድ የሚያደርገው ፈንገሱ የማይታይ መሆኑ ነው። በመንገዳችን ላይ በወደቁ ግንዶች ላይ በቅለው ያየናቸው የጅብ ጥላዎች ሥራቸው የሞተ እንጨት ማበስበስ ነው። ጥድንና ዝግባን የሚመግበው ፈንገስ ግን ከመሬት በላይ ብቅ አይልም፤ ያለ ሕያው ሥርም አያድግም። ደኑ ተመንጥሮ መሬቱ ለዓመታት ሲታረስና ሲሸረሸር እርሱም ይመናመናል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 በቀይ መዝገቡ ከገመገማቸው 1,300 ያህል የፈንገስ ዝርያዎች 411 የሚሆኑት ለመጥፋት የተጋለጡ መሆናቸውን አስታውቋል። የተገመገሙት ግን በአብዛኛው በዓይን የሚታዩት ናቸው። ከመሬት በታች ያሉትን አንድ በአንድ በስም መዝግቦ መጠበቅ ዘበት ነው። መጠበቅ የሚቻለው አፈራቸውን ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ማንም ገበሬ፣ ማንም የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ድርሻ አለው።

ተስፋዬ ውበትና በጀርመን የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው በአገራችን ደረቅ የደጋ ደኖች ያሉ ዛፎችን ሥር መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን አሳትመዋል። በ2004 ጥቁር እንጨት የተባለውን ዛፍ፣ በ2006 ደግሞ ጥድንና ዝግባን በዘረመል ምርመራ አጠኑ። ከቤቴ ያስወጣኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ጥድና ዝግባ በአንድ ደን ውስጥ አብረው እየኖሩ በሥራቸው ያሉት ፈንገሶች ግን የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ይህ ከሆነ «የጫካ አፈር» ብለን በጅምላ የምንጠራው ነገር ለሁሉም ችግኝ እኩል ላይጠቅም ይችላል ማለት ነው።

ከደኑ ወርደን ወደ አንድ የችግኝ ጣቢያ ገባን። ኃላፊው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ተመራማሪዋ «ጋሼ» እያለች ነው የምትጠራቸው። ሠራተኞቹ በአካፋ አፈር እያደባለቁ ከረጢት ይሞላሉ። ድብልቁ የጫካ አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ ነው።

«የጫካ አፈር ሲታጣ በቀይ አፈር እንሞላለን» አሉኝ ጋሼ። «ዳፕ ማዳበሪያ ጣል ስናደርግበት ችግኙ ይለመልማል። የሚጎዳው ከተተከለ በኋላ ነው፤ በጋውን አይሻገርም።»

ተመራማሪዋ ቀደም ብላ ከሁለቱም ዓይነት ከረጢት የዝግባ ሥር ወስዳ፣ በፖታሽ አፍልታ፣ ሰማያዊ ቀለም አጠጥታ አዘጋጅታለች። ማይክሮስኮፑን ጠረጴዛው ላይ አቆመችና በመጀመሪያ ከቀይ አፈሩ የመጣውን አሳየችን። ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ የሥሩ ሕዋሳት ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ሌላ ነገር የለም። ቀጥላ ከጫካ አፈር የመጣውን አስገባች። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሰማያዊው ክር ገብቶ፣ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ ቅርንጫፉም እየቀጠነ ሕዋሱን ሞልቶታል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ለካ ሲያበላው የኖረው ይህ ነው!» አሉ።

ማዳበሪያውም የራሱ ጣጣ አለው። ከማዳበሪያ ፎስፎረስ እንደ ልብ ያገኘ ችግኝ ለፈንገስ ስኳር ማካፈሉን ይቀንሳል፤ ፈንገሱም ሥሩን በደንብ አይዝም። ያ ለምለም ችግኝ ወደ ተራቆተ ተዳፋት ሲወጣ ማዳበሪያውም የለ፣ የሚመግበው ክርም የለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የዕጣን ዛፍ ችግኝ ጥናት፣ ውኃ እየቆየ በሚሰጥበት ጊዜ ፈንገስ ያላቸው ችግኞች ከሌላቸው የተሻለ አድገዋል፤ ውኃውንም በተሻለ ተጠቅመውበታል። በዝናብ እጥረት ለሚፈተን አገር ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ደግሞስ ፓይን ከባሕር ማዶ ወደ አፍሪካ ሲመጣ በየቦታው አልይዝ ብሎ የያዘው ፈንገስ ያለበት አፈር ሲቀርብለት ነበር። ለመጤው ዛፍ የተደረገው ለዝግባችን ይነፈገዋል?

ክርክር የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። የደን ጥበቃ ሠራተኛው አንገቱን ነቀነቀ። «ጣቢያው ሁሉ ጆንያ ይዞ ከመጣ ለደኑ ምን ይተርፈዋል?» አለ። እውነቱን ነው። አንድን ደን ለማዳን ሌላውን መላጥ ጥበቃ አይባልም። ተመራማሪዋም አልተከራከረችውም። የምትፈልገው በጆንያ የሚጫን አፈር አይደለም፤ ጤነኛ ከሆኑ ብዙ ዛፎች ሥር ከየአንዳንዱ እፍኝ እፍኝ ተወስዶ፣ የተቆፈረው ወዲያው በረገፈ ቅጠል እንዲሸፈን ነው። ያ እፍኝ በጣቢያው ውስጥ ይባዛል። አንደኛው መንገድ ማሽላ ወይም በቆሎ በማሰሮ ዘርቶ ፈንገሱ በሥሩ ላይ ከተራባ በኋላ ሥሩን ከነአፈሩ ከትፎ መጠቀም ነው። ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ፈንገስ ማሽላ ላይ አይስማማውም፣ አንዳንዱ ይቀራል። ስለዚህ እሷ የምትመርጠው አንድ መደብ ለይቶ በዛፉ በራሱ አፈር የዛፉን ችግኝ ማሳደግ፣ ከዚያም ከዚያ መደብ ለሌሎች ከረጢቶች እየቆነጠሩ መስጠት ነው። ጊዜ ይወስዳል። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ ዝግባ ራሱ የሚቸኩል ዛፍ አይደለም።

ጥበቃው አፈር የሚወሰድባቸውን ዛፎች እርሱ ራሱ ሊመርጥና ሊያሳይ ተስማማ። ጋሼ በዳሱ ሥር ያሉትን የጥድና የዝግባ መደቦች በድንጋይ አጥር ለይተው፣ ዳፕ እንዳይገባባቸው ለሠራተኞቹ ነገሩ። ጥቁር እንጨቱ ተረፈ። ከጥዱ ጋር ይሁን ከዝግባው ብለው ጠየቋት።

«ለብቻው ይሁን፣ ጋሼ» አለች። «አፈሩም ከጥቁር እንጨት ሥር ይምጣለት።»

ጋሼም ሦስተኛውን መደብ ለመለካት ገመዳቸውን አነሱ።