የጠያቂው ወረቀቶች፦ ከጄምስ ቦኒንግ መዛግብት የቀሰምኩት አሠራር

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በጡረታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የኬሚስትሪ መምህራንን ትዝታ በድምፅ ቀርጬ ለማቆየት ስነሣ ያሳሰበኝ የመቅረጫው ነገር ሳይሆን አሠራሩ ነበር። ስለ ቃለ መጠይቅ የተጻፉ መመሪያዎች ሞልተዋል፤ አንድ ኬሚስት ሌላውን ኬሚስት ስለ ሥራው ሲጠይቅ መቅረጫው ከመከፈቱ በፊትና ከተዘጋ በኋላ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ግን ብዙም አላገኘሁም። ስለዚህ ወደ ፊላደልፊያ፣ ወደ ሳይንስ ሂስትሪ ኢንስቲትዩት ሄጄ የፕሮፌሰር ጄምስ ቦኒንግን የግል መዛግብት ለማየት ወሰንኩ።

ቦኒንግ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1990 በፔንስልቬንያ ዊልክስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተማሩ፣ ከ1970 እስከ 1986ም የትምህርት ክፍሉን የመሩ ሰው ነበሩ። አንጋፋ ኬሚስቶችን መጠየቅ የጀመሩት ገና በማስተማር ላይ ሳሉ ሲሆን፣ ከ1990 እስከ 1995 በዚሁ ተቋም የቃል ታሪክ ሥራውን፣ ማለትም ትዝታን በቃለ መጠይቅ ቀርጾ የማቆየቱን ሥራ፣ በኃላፊነት ይዘው ነበር፤ በ2011 ዐርፈዋል። ተጠያቂው ስለ ቤተ ሙከራው ሲያወራ ጠያቂው ነገሩ የገባው መሆኑ ከጥያቄዎቹ በግልጽ ይታወቃል።

የመዛግብት ሣጥን ከማዘዜ በፊት የተቋሙን ታሪክ ማጥናቴ ኋላ ብዙ ጊዜ ቆጥቦልኛል። በ1982 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬሚስትሪ ታሪክ ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1987 የለጋሹን የኬሚስቱን የአርኖልድ ቤክማንን ስም ያዘ፤ በ1992 ኬሚካል ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ተባለ፤ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው በ2018 ነው። ቀን ያልተጻፈበት ማስታወሻ ሲያጋጥም በወረቀቱ ራስጌ ላይ የታተመው የተቋም ስም ዘመኑን በግምት ይነግራል፤ እርግጥ ቁጠባ የሚወዱ ሰዎች አሮጌውን ወረቀት እስኪያልቅ ድረስ ስለሚጽፉበት፣ ራስጌው የሚያሳየው ከመቼ በፊት እንዳልተጻፈ ብቻ ነው።

በንባብ ክፍሉ እንደ ብዙዎቹ ቤተ መዛግብት እርሳስ እንጂ እስክርቢቶ አይፈቀድም፤ ከሣጥኑም አንድ ማኅደር ብቻ ይወጣል፣ እርሱ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሌላ አይነካም። ደንቡ መጀመሪያ ያሰለቻል፤ የወረቀቶቹ ቅደም ተከተል ራሱ ማስረጃ መሆኑ ሲገባ ግን ይወደዳል። ባለቤቱ የአንዱን ኬሚስት ደብዳቤ ከሌላው ጽሑፍ ቅጂ ጋር አጎዳኝተው ካስቀመጡ፣ ሁለቱን ያያያዛቸው አንድ ጥያቄ በአእምሯቸው እንደነበረ መገመት ይቻላል።

የመረጥኩት ዘዴ ስብስቡን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ሳይሆን፣ አንድ ቃለ መጠይቅ ይዤ ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ግልባጭ፣ ማለትም ድምፁ ወደ ጽሑፍ እስከተገለበጠበት ወረቀት፣ መከተል ነበር። ለአንባቢ የሚደርሰው የመጨረሻው ግልባጭ የተስተካከለ ጽሑፍ ነው፤ ታሪኩ እንዴት እንደተሠራ የሚታየው ረቂቁ ላይ ነው። በአንድ ረቂቅ ላይ ድምፁን የገለበጠችው ጸሐፊ የአንድ ውህድ ስም ስላልተሰማት ባዶ ቦታና የጥያቄ ምልክት ትታለች፤ ከጎኑ በሌላ እጅ ስሙ ተሞልቷል። ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ ተጠያቂው የአንድ የሥራ ባልደረባውን ስም በሰማያዊ ቀለም ሰርዞ «አንዱ ባልደረባዬ» ብሎታል። የመጀመሪያው ማረም ነው፤ ሁለተኛው ግን ተናጋሪው ለትውልድ ምን ሊያቆይ እንደፈለገና ምን እንዳልፈለገ ይናገራል። የታተመውን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ልዩነት የሚያገኝበት መንገድ የለም።

የፈቃድ ቅጹንም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ተጠያቂው ግልባጩ ያለ ገደብ እንዲነበብ፣ ለመጥቀስ ወይም ለማባዛት የእርሱ ፈቃድ እንዲጠየቅ፣ አለዚያም ግልባጩን ለማየት ጭምር እንዲያስፈቅዱት መምረጥ ይችላል፤ ገደቡም በሕይወት እስካለ ድረስ ይጸናል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌን ወረቀት ማስፈረም እንደ አለማመን ስለሚቆጠር ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። እኔ ግን ቅጹ አክብሮት ነው ባይ ነኝ፤ ሰውየው የገዛ ቃሉ አዛዥ ሆኖ ይቆያልና።

ቦኒንግ ሊጠይቋቸው የማይችሏቸውን፣ የሞቱትንም ኬሚስቶች አጥንተዋል። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበርን የማቋቋም ሐሳብ፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ጆሴፍ ፕሪስትሊ ኦክስጅንን ያገኘበት መቶኛ ዓመት በ1874 በኖርዘምበርላንድ፣ ፔንስልቬንያ ሲከበር ተነሥቶ ነበር፤ ማኅበሩ በ1876 በኒውዮርክ ሲመሠረት ስለገጠመው ተቃውሞ ቦኒንግ የጻፉት ጥናት በ2001 ታትሟል። ያለፈውን ዘመን ከወረቀት ብቻ መፈልቀቅ የለመደ ሰው የሕያው ሰው ትዝታ ሲሰማም ወረቀት መፈለጉን አይተውም፤ ከእርሳቸው የወሰድኩት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ወደ ራሴ ሥራ ስመለስ የመጀመሪያው ተጠያቂዬ ለረጅም ዓመታት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ያስተማሩ አባት ነበሩ። ከመሄዴ በፊት ያሳተሟቸውን ጥናቶች አነበብኩ፤ የጥያቄዎቹንም ዝርዝር አስቀድሜ ላክሁላቸው። «ሕይወትዎ እንዴት ነበር?» ከማለት ይልቅ «ጋሼ፣ ውሃ ሲቋረጥ ኮንደንሰሩን በምን ያቀዘቅዙት ነበር?» ብዬ ጀመርኩ፤ ኮንደንሰር እንፋሎትን በቀዝቃዛ ውሃ ወደ ፈሳሽ የሚመልስ የቤተ ሙከራ ዕቃ ነው። ፈገግ አሉና በከፍታ ላይ ስለተቀመጠው በርሜል፣ ከታች የተጠራቀመውን ውሃ በባልዲ መልሰው ስለሚሞሉት ተማሪዎች፣ ከዚያም ስለ በጀቱና ስለ ክፍል ኃላፊዎቹ አንድ በአንድ አወጉኝ።

ረቂቁን ስልክላቸው ስለ አንድ ኃላፊ የተናገሩትን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ሰረዙት። ለአንባቢ በሚቀርበው ግልባጭ ውስጥ አንቀጹ የለም። ድምፁንና የተሰረዘውን ረቂቅ ግን በስምምነታችን መሠረት ለብቻ በታሸገ ማኅደር አስቀምጫቸዋለሁ፤ የሚከፈትበትንም ጊዜ ራሳቸው በቅጹ ላይ ጽፈው ፈርመዋል።