«ያለ ወጪ» ብዬ የጻፍኩት መሬት

አራት አባወራዎች ከጥንታዊው ፍርስራሽ ጋር የሚዋሰነውን ማሳቸውን ለቅርሱ ለመስጠት የፈረሙ ዕለት፣ የወረዳው የበጀት ባለሙያ ነበርኩና በሪፖርቴ ላይ «ያለ ወጪ» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ስፍራው ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ ሰጪዎቹ ጎረቤቶቼ ስለሆኑ ስሙን ልተወው። ማረሻው በየዓመቱ ወደ መሠረቱ ይጠጋ ነበር። መርጡለ ማርያም ሄዶ ከእቴጌ እሌኒ ዘመን የቀረውን ጥርብ ድንጋይ ያየ ሰው ጥድፊያችን ይገባዋል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገበሬዎቹ የለቀቁልን የይዞታ መብታቸውን ነው። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አስነሥተናቸው ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ባይገኝላቸው ኖሮ፣ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኙት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ይከፈላቸው ነበር። ስጦታው ያን አዳነልን፤ አንድ ጊዜ።

መጀመሪያ የቀጣኝ አጥሩ ነው። የቀድሞው ግቢ 100 በ100 ሜትር ነበር እንበል፤ ዙሪያው 400 ሜትር ነው። 25 በ100 ሜትር የሆነ አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ በረጅም ጎኑ ቢለጠፍ አጥሩ በ50 ሜትር ብቻ ይጨምራል። ያው ቃዳ በጠባብ ጎኑ ተያይዞ እንደ ምላስ ወደ ውጭ ከወጣ ግን ጭማሪው 200 ሜትር ነው። መሬቱ እኩል፣ ወጪው አራት እጥፍ! ከአራቱ ስጦታዎች ሁለቱ ምላስ ነበሩ። መሬት መቀያየር ይቻል እንደሆነ ቀድሜ አልጠየቅኩም፤ ስጦታ ሲሰጡህ ቅርጹን አስተካክሉልኝ ማለት ነውር መስሎኝ። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹም ሁለት ክረምት አልፎባቸው ከሥራቸው በሰበሱ።

አጥሩን ለግንባታ ከሚመደበው የካፒታል በጀት አሠራነው። የጥበቃውን ደመወዝ ግን ደመወዝ በየዓመቱ በሚከፈልበት መደበኛ በጀት ማንም አላስያዘም፤ ማንም ስል ራሴን ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ አንድ ሰው 48 ሰዓት ቢሠራ፣ አንድን በር ቀንና ሌሊት ለመጠበቅ አራት ሰው ያስፈልጋል። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ሲገባ አንድም የሥራ መደብ አልነበረም። የመግቢያ ክፍያ ይሸፍነዋል ያሉ ነበሩ፤ ያ ገንዘብ ግን ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል እንጂ ጽሕፈት ቤቱ እንዳሻው የሚመዘው አይደለም።

ከሰጪዎቹ አንዷ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱት እማሆይ፣ አንድ ጠዋት የግብር ደረሰኝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ ይኸን እስቲ አንብብልኝ።»

አነበብኩ። የሰጡን ቃዳ ከይዞታ ደብተራቸው አልተቀነሰም፤ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውን አሁንም እርሳቸው ይከፍላሉ። ስጦታውን የተቀበለው ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ደብተሩን ማስተካከል የእኔ ሥራ ነበር።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» አሉ፤ አልተቆጡም፣ ይልቁንም ፈገግ አሉ። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

አሁን አዲስ ስጦታ ሲመጣ ከፊርማው በፊት አንድ ገጽ እሞላለሁ፦ የአጥሩ ርዝመት፣ የጥበቃው ቁጥር፣ በማሳው ላይ ያለው ዛፍና ሰብል፣ የሦስት ዓመት መደበኛ ወጪ፣ ደብተሩ የሚታረምበት ቀን። ባለፈው ዓመት በዚህ ገጽ ምክንያት አንድ ስጦታ ለጊዜው ይቆይ አልኩ፤ ሰጪው እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በግማሽ ልብ ነው የሚመልሱልኝ።

የእማሆይን ደብተር ለማሳረም አብሬያቸው መሬት አስተዳደር ሄድኩ። ባለሙያው የሟች ባላቸውን ፎቶ ከእርሳቸው ፎቶ ጎን አይቶ የውርስ ማስረጃ ጠየቀን። ሌላ ቀጠሮ ይዘን ወጣን።