ነጥቡን ለሃሳቡ ብቻ አትስጡ

ማኅበራዊ ችግር የሚፈታ የተማሪዎች የሃሳብ ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። "ችግሩ ያለባቸውን ሰዎች አግኝታችኋል? ምን አሏችሁ?" ስላይዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እዚህ ጥያቄ ላይ የሚንተባተብ ቡድን ሥራውን ገና አልጀመረም።

ውድድሮቹን ከልቤ እወዳቸዋለሁ። የምህንድስና ተማሪዋንና የነርስ ተማሪዋን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ የለም። አንዷ ዕቃውን ትሠራለች፣ ሌላዋ ማን እንደሚጠቀምበት ታውቃለች፤ የሂሳብ አያያዝ ተማሪው ደግሞ "ቆይ፣ ይሄን ማን ይከፍላል?" ብሎ ሁለቱንም ያስቆማቸዋል። የሚያስጨንቀኝ ነጥብ የምንሰጥበት መንገድ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ትልልቁን ሽልማት ነው። ሀልት ፕራይዝ የተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ውድድር ለአሸናፊው ቡድን 1 ሚሊዮን ዶላር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነፍሳትን ለምግብነት የማርባት ሃሳብ ይዘው ወስደውታል። እኔ ግን ለተማሪዎች ደጋግሜ የምነግራቸው ኢምብሬስ የተባለውን፣ ከተማሪዎች ቡድን የተነሳውን ድርጅት ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለድሆች የሚሆን ርካሽ ዕቃ መንደፍ የሚያስተምር ኮርስ አለ። አንድ ቡድን ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ርካሽ ኢንኩቤተር፣ ማለትም የማሞቂያ ሣጥን፣ እንዲሠራ ተሰጠው። ከቡድኑ አንዱ ኔፓል ሄደ። የከተማው ሆስፒታል ውስጥ ኢንኩቤተሮች ነበሩ፤ ግን ባዶ ተቀምጠዋል። ሕፃናቱ የሚወለዱት ከሆስፒታል ርቀው፣ ገጠር ነዋ! ብዙዎቹ እዚያ ሳይደርሱ ይሞታሉ። ቡድኑ በተሰጠው ጥያቄ ብቻ ቢሠራ ኖሮ በሆስፒታሉ ላይ ሌላ ባዶ ሣጥን ይጨምር ነበር።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየሩት። ትንሽ የመኝታ ከረጢት የመሰለ፣ እናት ልጇን ይዛበት የምትሄደው ነገር ሠሩ። ውስጡ ሰም መሰል ንጥረ ነገር አለ። አንዴ ከሞቀ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ሕፃኑን 37 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ያቆየዋል። ሁልጊዜ መብራት ላይ መሰካት አያስፈልገውም።

አሁን እስቲ የተለመደውን የነጥብ መስጫ ቅጽ አስቡት። ፈጠራ፣ የገበያ ስፋት፣ አቀራረብ። ርካሹ ኢንኩቤተር በሦስቱም ጥሩ ነጥብ ያገኝ ነበር። ያንን የኔፓል ጉዞ ግን ከቁም ነገር የሚቆጥር መስመር ቅጹ ላይ የለም።

እኔ ብጠየቅ ከነጥቡ ትልቁን ድርሻ ለፍለጋው እሰጣለሁ። ማንን አነጋገሩ? ምን ሰምተው ሃሳባቸውን ቀየሩ? ከዳኞቹ አንዱም ችግሩን በኑሮው የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ድምፁ ከባለሀብቱና ከፕሮፌሰሩ እኩል ይቆጠር። ስለ ዊልቸር የሚወዳደር ቡድን ዊልቸር በሚጠቀም ሰው ፊት ቆሞ ሲያስረዳ ንግግሩ ወዲያው ይለወጣል፤ አይቼዋለሁ።

ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ባይሰጥ እመርጣለሁ። ለብዙ ቡድኖች መሞከሪያ የሚሆን ትንሽ ትንሽ፣ ሞክረው ውጤት ይዘው ለሚመለሱት ደግሞ ጨመር ያለ። "ሞከርነው፣ አልሠራም፣ ምክንያቱም ይሄ ነው" ብሎ የሚመለስ ቡድንም ሁለተኛ ዕድል ይገባዋል። እንዲህ ያለ ሪፖርት ስንት ቀጣይ ቡድን ከከንቱ ድካም እንደሚያድን አስቡት።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ከሽልማቱ በኋላ ያለው ነው። ፎቶ ይነሳሉ፣ ፈተና ይመጣል፣ ይመረቃሉ፣ ቡድኑ ይበተናል። ማኅበራዊ ድርጅት፣ ማለትም የሰዎችን ችግር ለመፍታት የሚቋቋም ድርጅት፣ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ተጠቃሚው አንድ፣ ከፋዩ ሌላ ነው። እናትየዋ ከረጢቱን ትፈልገዋለች፤ የሚገዛው ግን ሆስፒታል ወይም ለጋሽ ሊሆን ይችላል። ይህን ፈትቶ ለማስተካከል አንድ ሴሚስተር አይበቃም። ዩኒቨርሲቲው ለአሸናፊዎቹ ከምረቃ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚሠሩበት ክፍልና ስልክ የሚያነሳ መካሪ ይስጣቸው።

የሚቀጥለውን ውድድር የምታዘጋጁ ካላችሁ የነጥብ መስጫ ቅጹን ከማጽደቃችሁ በፊት ላኩልኝ። ደስ ብሎኝ አብሬያችሁ አየዋለሁ።